የጥንዚዛው ሁለተኛ ዓይን

ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሥራ ሳይ እጄን ይበላኛል። ግማሹ ተቀብቶ የቀረ ግድግዳ፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ፣ አጋማሽ ላይ የተቋረጠ የተማሪ መልስ፣ ሁሉም ያበሽቀኛል። ሞጣ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ተማሪዎቼ ጠባዬን ስለሚያውቁ የቤት ሥራቸውን ሳይጨርሱ ወደ እኔ አይመጡም። ከኋላዬ የሚሉኝንም እሰማለሁ። ይበሉ። ግን በዚሁ ጠባዬ የተነሳ አባቴን ከመግደል ለጥቂት እንደተረፍኩ አያውቁም።

አባቴ የሚኖሩት ቢቸና ነው። በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን ጥንዚዛ የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ወደ አካባቢያችን መጣና የሚስልለት ሰው ፈለገ። የሚያጠናው የትኛው ጥንዚዛ በየትኛው ዕፅ ላይ እንደሚውል ነበር። ካሜራም ነበረው፤ ነገር ግን ፎቶ የጥንዚዛውን እግርና የክንፉን መስመር አጥርቶ አያወጣልኝም ይል ነበር አሉ። ሁለት በጋ ሙሉ ከዓባይ ገደል አፋፍ እስከ ሞጣ አብረው ዞሩ። አባቴ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ይስሉታል፤ አንዱን ለፈረንጁ፣ አንዱን ለራሳቸው። ፈረንጁ አጥብቆ የሚያዘው አንድ ነገር ነበር። ጥንዚዛው ሁልጊዜ ከበላዩ ሆነው እንዳዩት ይሳል፤ እግሩ እንዳይጎድል፣ ቀንዱም እንዳይጎድል።

ከሥዕሎቹ መካከል ግን ፈረንጁ ያልተቀበላቸው ነበሩ። በነዚህ ላይ ጥንዚዛው ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ የሌላው ቦታ ባዶ ነው። «አልጨረስከውም» ብሎ መለሰላቸው። አባቴም ይዘዋቸው ወደ ቤት ገቡ እንጂ አልጨረሷቸውም። ይህ ወሬ በቤታችን ሲወራ ነው ያደግነው፤ እኔም በሰማሁት ቁጥር እበግን ነበር። የሰው አገር ሰው መጥቶ አባቴን ሰነፍ ይበላቸው! እሳቸው ግን ይስቁና ጨዋታውን ወደ ሌላ ያዞሩታል።

ሥዕሎቹን ሰብስበው እንደ ዳዊት በእንጨት ገበታ ደጎሷቸው። በየገጹ አንድ ዕፅ አለ፤ በዕፁ ላይ ደግሞ አንድ ጥንዚዛ ተቀምጧል። አንዲት ፊደል እንኳ የለበትም። አባቴ መድኃኒት አዋቂም ናቸውና የዕፅ ስም አይጽፉም፣ ሰው ፊትም አይጠሩም፤ ስሙ ሲጠራ ኃይሉ ይሄዳል ይላሉ። እኔም እዚህ የአንዱንም ስም አልጽፍም። ኃይሉ ይሄዳል ብዬ ሳይሆን ሰው እንዳይሞክረው ፈርቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ሲነሳ ወዲያው የታወሰኝ ይህ መጽሐፍ ነበር። ለጥምቀት ቢቸና ሄጄ ለመንኳቸው። የአባቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ በማጉያ መነጽር ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ካልሆነ አያዩም። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠየቁኝ።

«ለፋሲካ ትመልሺልኛለሽ?»

«እመልሳለሁ አባባ።»

«አደራ። እኔ ብረሳ እንኳ እሷ አትረሳም» አሉና መጽሐፏን ሰጡኝ።

ሞጣ እንደገባሁ ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳይ ብዬ ገጾቹን በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ፤ ከእኩሌታው በላይ ካነሳሁ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እነዚያን ባለ አንድ ዓይን ጥንዚዛዎች እያየሁ ቁጭ አልኩ። የድሮው ብግነት ተነሳብኝ። ይኼ ሁሉ ሕዝብ ሊያየው ነው፤ «አልጨረሱትም» ሊል ነው። አባቴ በልጅነቴ ቀለም መበጥበጥና መቃ ብዕር መቅረጽ አስተምረውኛል። ራሳቸው የሰጡኝ የቀለም ቀንድ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ውስጡ የደረቀው ቀለም ያው ሥዕሎቹ የተሠሩበት ነው። በጥቂት ውኃ አራስኩት። ብዕሩን ቀረጽኩ። ትንፋሼን ይዤ የመጀመሪያውን ጥንዚዛ ሁለተኛ ዓይን አስቀመጥኩ።

ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ነጥብ ናት። ከጎኑ ካለችው ከአባቴ ነጥብ ጋር ሳስተያያት ልለያቸው አልቻልኩም፤ ኮራሁ። ቀጠልኩ። በየገጹ እየገለጥኩ የጎደለውን ሞላሁ። ስንት እንደሞላሁ እንኳ አልቆጠርኩም። ሲመሽ መጽሐፉ ውስጥ አንድም የጎደለ ዓይን አልነበረም። ገጾቹን በሙሉ ደህና ካሜራ ባለው ሰው አስነሳሁና መጽሐፉን ለፋሲካ መለስኩ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። በኤግዚቢሽኑ ቀን አምጥቻቸው፣ በማጉያቸው ሲያዩት ላስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ።

በሰኔ ጾም፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የታተሙትን ሥዕሎች ይዤ ሞጣ ገበያ አጠገብ ወዳለ ፍሬም ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሐጂ እያለ ይጠራቸዋል። ወላጅ አባታቸው በዚያው ሱቅ ቅመማ ቅመምና የደረቀ ቅጠል ይነግዱ ነበር፤ ወደ መስተዋትና ፍሬም የዞሩት እሳቸው ናቸው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ በሜትር ሲለኩ ቆዩና አንዱ ላይ ሲደርሱ ሜትሩን አስቀመጡ።

«ይኼ ዓይን ከየት መጣ?»

«የቱ ዓይን ሐጂ?»

«ይኼ እኮ ባለ አንድ ዓይኑ ነበር። የአባትሽን ሥዕል እኔ አጣዋለሁ?»

ፈገግ አልኩ። «ሳይጨረስ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ጨረስኩት» አልኳቸው። ምስጋና ነበር የጠበቅኩት፤ የእሳቸው ፊት ግን ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ እኔ ጎረምሳ ሆኜ አባቴ ወደ ቢቸና እየላከኝ ቅጠል የምገዛው ከአባትሽ ነበር። ማንበብ አላውቅም፤ ባውቅም እሳቸው ስም አይነግሩም። መጽሐፉን ገልጠው አስተማሩኝ። ሁለት ዓይን ያለው ጥንዚዛ የተቀመጠበትን ቅጠል ተቀበል። አንድ ዓይን ያለው የተቀመጠበትን ግን ማንም ቢያመጣልህ አትንካ፤ መርዝ ነው አሉኝ። ለምን አንድ ዓይን አልኳቸው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሰይጣን ሁለት ዓይን ሲኖረው አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ የት አይቼ! ሙስሊም ነኝ። ሙስሊምነቴ ትዝ ሲላቸው አባትሽ እንደ መሳቅ አሉ።»

እኔ ግን አይቻለሁ። በዚያ ግድግዳ ሥር ነው ያደግሁት። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ሙሉ ወደ ሰው አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰቃዮቹ ሁሉ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ይህን የማያውቅ የቢቸና ልጅ የለም። ፈረንጁ ጥንዚዛውን ከበላይ ካልሆነ አልቀበልም ስላላቸው አባቴ ክፉውን ወደ ጎን ማዞር አልቻሉም፤ አንድ ዓይኑን አስቀሩበት። ነገሩ ይኸው ነበር። ፈረንጁ አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም።

ወዲያው ረቡዕ ዕለት አባቴ በስልክ ያሉኝ ትዝ አለኝ። በየዓመቱ በሰኔ ለሆዳቸው የሚጠጡት አንድ ቅጠል አለ። «ጎረቤታችን ቅጠሉን ለቅማ አምጥታልኛለች። ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቼ ዓርብ ጾሙን በሱ እፈታለሁ፤ ባዶ ሆድ ነው የሚፈልገው» ነበር ያሉኝ። ያ ቅጠል ደግሞ መንትያ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ፊት ለፊት ነው የተሳሉት። ልዩነታቸው የአንዱ ቅጠል አንገት ቀላ ማለቱ ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ዓይኑ ጥንዚዛ የነበረው በዚያ በቀላው ላይ መሆኑን አስታውሳለሁ። አባቴ ቅጠሉን ከሁለቱ ገጾች ጋር ያስተያዩና የሚመስለውን ያገኛሉ፤ ከዚያ የጥንዚዛውን ዓይን ያያሉ። ሁለት ከሆነ ይጠጣሉ፤ አንድ ከሆነ ይጥሉታል። አሁን ግን በሁለቱም ገጾች ላይ ዓይኑ ሁለት ነው።

ስልክ ደወልኩ። አይሠራም። ያን ሰሞን የቢቸና ኔትወርክ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። የጎረቤታችንንም ሞከርኩ፤ እሱም እንደዚያው። አባቴ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። መንገዱ ከቀና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሐጂ ሱቁን እንዳለ ትተው መናኸሪያ ድረስ አብረውኝ ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። በደብረ ወርቅ በኩል የሚያልፈው ሚኒባስ ገና ግማሹም አልሞላም ነበር። ሐጂ ሾፌሩን ትከሻውን ይዘው አንድ ነገር ሲነግሩት አየሁ። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየና ሞተሩን አስነሳ።

እንደዚያ ቀን መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ክሪክ ሲፈልግ፣ መለዋወጫውን ሲያንከባልል፣ ሁሉም ነገር የሚሠራው እኔን ለማናደድ መሰለኝና ጮኽኩበት። «እኅቴ፣ ከቸኮልሽ ነይ ፍቺው!» አለኝ። ቁልፉን ተቀብዬ ብሎኑን ፈታሁ። ቀሚሴ በግራሶ ጨቀየ፤ ተሳፋሪው ዳር ቆሞ ያየኛል። ደብረ ወርቅ ላይ ደግሞ ኬላ አለ፤ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን፣ ሻንጣ ሁሉ ተከፈተ፣ ፊታችን የተሰለፉት የጭነት መኪኖች እስኪያልፉ ቆምን። ሰዓቴን ሳይ ስምንት ከሩብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይመስልም። በልቤ የማሰላው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ትክክለኛውን ቅጠል ለቅማ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ለምን መጥፎው ይሆናል? እመቤቴ ሆይ፣ መልካሙን አድርጊው።

ቢቸና ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። አባቴ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ተገልጧል፤ ማጉያው ላዩ ላይ ነው፤ ኩባያው አጠገባቸው።

«አባባ፣ ጠጡት?»

«ምነው ልጄ፣ ዓርብ ቀን ትምህርት የለም እንዴ? ደህና ነሽ?»

«ጠጡት ወይ?»

«ግማሹን ጠጣሁ። ቀሪውን አረፍ ብዬ ልጠጣ ብዬ ነው።»

ኩባያውን አንስቼ ደፋሁት። ፈልቶ የዘቀጠውን ቅጠል ከማሰሮው ሥር አወጣሁ። አንገቱ ቀይ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ ግራ ገብቷቸው ከንፈራቸውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ከንፈሬ ደነዘዘብኝ» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ሆስፒታል ስንደርስ መቆም አልቻሉም ነበር። ያስመልሳቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። ነርሷ ክንዳቸው ላይ መርፌ እያስገባች «ምንድን ነው የጠጡት? የቅጠሉ ስም ማን ይባላል?» ትላለች። እኔ አላውቀውም። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩትን ቅጠል ስሙን አላውቀውም። «አባባ፣ ስሙን ይንገሯት!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው በክፍሉ ያለውን ሰው ሁሉ አዩ፤ ነርሷን፣ ጎረቤታችንን፣ በሌላው አልጋ ላይ የተኛውን በሽተኛ። አፋቸውን ዘጉ። እየሞቱም ስም አይጠሩም ነበር።

ጆሮዬን ከአፋቸው ላይ አስጠጋሁ። «ለእኔ፤ ለልጅዎ ብቻ» አልኳቸው። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነገሩኝ። ቀና ብዬ ለነርሷ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ ስሙን ጠራሁት። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐኪሙ፣ «ኩባያውን ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ አሁን የምንነጋገረው ሌላ ነገር ይሆን ነበር» አለኝ። ሁለት ቀን ከአልጋው አጠገብ አልተነሳሁም። ጎረቤታችን «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» እያለች ታለቅሳለች። አይደለሽም ልላት እየፈለግሁ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እንደዚያ ቀን ፈሪ የሆንኩበት ጊዜ የለም።

እሑድ ጠዋት አባቴ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። አጥሚት ሰጠኋቸው። ትንሽ ቀመሱና አስቀመጡት።

«ገና ስቀምሰው ምላሴ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ይኼ የኔ ቅጠል አይደለም አለኝ። ማጉያውን አንስቼ መጽሐፏን አየሁ። ሁለት ዓይን ነው። ደግሜ አየሁ፤ ሁለት ነው። ምላሴ አርጅቷል፣ እኔም ረስቻለሁ፣ እሷ ግን አትረሳም አልኩና ጠጣሁት።»

ነገርኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓቷን፣ ቀንዱን፣ መቃውን፣ ፈረንጁ አልጨረስከውም ያለውን ልጨርስልዎ ብዬ መሆኑን፣ ሁሉንም። ተናግሬ ስጨርስ ስድባቸውን ጠበቅሁ። መሳደብ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ፈረንጁ አላወቀም፤ አልፈረድኩበትም» አሉ። «አንቺ ግን እዚያው ግድግዳ ሥር ነው ያደግሽው።»

ያችን ቃል ዛሬም ድረስ ይዣት እዞራለሁ።

ከሆስፒታል እንደወጡ ጥፋቴን ላስተካክል ምላጭ ይዤ መጽሐፉ ላይ ተደፋሁ። የትኞቹን ነው የሞላሁት? ቀለሙ አንድ ነው፣ ብዕሩ አንድ ነው፣ እጄንም ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ያቺ የኮራሁባት ነጥብ ከአባቴ ነጥብ አትለይም። ስልኬ ላይ ያነሳኋቸውን ቀድሞ የነበሩትን ፎቶዎች እያየሁ የተጨመሩትን ፋቅኩ። ፎቶ ያልነበራቸውን አባቴ እየዳበሱ፣ እያሰቡ፣ ስለ ቅጠሉ እየጠየቁኝ ነገሩኝ። እንደ ድሮው ግን ቀጥ ብለው አይናገሩም፤ በእያንዳንዱ ላይ «እርግጠኛ ነኝ?» እያሉ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ያን ጥርጣሬ ያስገባሁባቸው እኔ ነኝ። ሁለት ገጾችን ሐጂ በስልክ አረጋገጡልን።

መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ቀረ። ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ጥንዚዛ በሁለት ዓይኖቹ ያየናል። ፎቶው የለኝም። ሐጂ አላስታወሱትም። አባቴ ማጉያውን ይዘው ረጅም ጊዜ ተደፉበት።

«አላውቀውም» አሉ። እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ላድርገው አባባ? ልተወው?»

«ሁለቱንም ዓይን ፋቂው።»

«ዕውር ይሆናል እኮ።»

«ይሁን። እኛ ስናልፍ መጽሐፏን የሚይዝ ሰው አለማወቃችንን ይወቅ።»

ፋቅኳቸው። የአባቴን ዓይን ከእኔው ጋር አብሬ ፋቅኩት፤ የትኛዋ የማን እንደሆነች ሳላውቅ።

ኤግዚቢሽኑ መስከረም ላይ ተካሄደ። የታረሙት ገጾች እንደገና ተነስተው ታተሙ፤ ባለ አንድ ዓይኖቹም በሐጂ ፍሬም ገብተው እንደ ጥንቱ ተሰቀሉ። ያ አረንጓዴ ጥንዚዛ መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበር። አንዲት ተማሪዬ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ይኼ አልተጨረሰም» አለችኝ።

እጄን አልበላኝም።

«አዎ» አልኳት፤ «አልተጨረሰም።»